ከመሰብሰብሽ በፊት፦ ለክበብ ሰብሳቢዋ ልጄ

ልጄ፣ የትምህርት ቤታችሁ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ ሆነሽ መመረጥሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። ልብሽ በጎ እንደሆነ ከድሮም አውቃለሁ። ነገር ለመጀመር አትፈሪም፤ የጀመርሽውን ለመጨረስ ግን ትሰንፊያለሽ፤ ይህንንም እናትሽም እኔም እናውቃለን። ባዮሎጂ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ብዙ ክበብ ሲቋቋም፣ ጥቂቱ ሲበረታ አይቻለሁ። አብዛኞቹን የገደላቸው የገንዘብ እጦት አይደለም። ልጆቹ የሰበሰቡትን ወዴት እንደሚያደርሱት ሳያስቡ መነሳታቸው ነው። እንግዲህ ያየሁትን በቁጥር ላስቀምጥልሽ። ብቻሽን አንብበሽ ቦርሳሽ ውስጥ አትክተቺው፤ ለጓደኞችሽም አንብቢላቸው።

1. መድረሻውን ሳታውቂ ምንም ነገር አትሰብስቢ። ብዙ ክበብ ሥራውን የሚጀምረው በጥቅምት ነው። ሚኒ ሚዲያው ይለፍፋል፣ ልጆቹ ሃይላንድ በጆንያ ይሞላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ጆንያውንም ከላቦራቶሪው ጀርባ ይከምሩታል። ማን እንደሚወስደው የጠየቀ የለም። የበልግ ዝናብ ሲጥል ክምሩ ውሃ ያቁራል፣ ትንኝ ይራባበታል፣ አይጥ ይገባበታል፤ በመጨረሻም ርዕሰ መምህሩ ተማርረው «አቃጥሉልኝ» ይላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንቺ ግን ደብተር አውጪና በግራ በኩል የምትሰበስቢውን ዕቃ፣ በቀኝ በኩል የሚረከብሽን ሰው ጻፊ። ቀኙ ባዶ የሆነውን ዕቃ ለጊዜው ተይው።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በቆሼ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ረጲ ላይ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ ሲከመር ኖሮ ተራራ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ጤናችንንና ውሃችንን ጎዳብን ብለው ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው በሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ተናደ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሩ ሁሉ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። እነዚያን ቤቶች የተጫናቸው ከየቤታችንና ከየትምህርት ቤታችን የወጣ ነገር ነበር። ጣልኩት የምትይው ሁሉ የሆነ ሰው ደጅ ላይ ያርፋል። ይህን ያልተረዳ ክበብ ቢዘምትም ቆሻሻውን ከአንድ ደጅ ወደ ሌላ ደጅ ነው የሚያዛውረው።

2. የመጀመሪያውን ሳምንት በሚዛን አሳልፊው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የግቢውን ቆሻሻ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ ለዩት። ጓንት አድርጉ፤ መርፌና የተሰበረ ጠርሙስ አይታጣም። ወረቀቱን ለብቻ፣ ሃይላንዱን ለብቻ፣ ፌስታልና የብስኩት ላስቲኩን ለብቻ፣ የምግብ ትራፊና ቅጠሉን ለብቻ፣ ብረትና ቆርቆሮውን ለብቻ አድርጋችሁ እያንዳንዱን መዝኑ፤ በኪሎ ጻፉ። ዓይን ይሳሳታል። ሃይላንድ ባዶ ሆኖ ቦታ ስለሚይዝ ግቢውን የሞላው እሱ ይመስላል፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን ክብደቱ ያለው ልጣጩና ትራፊው ላይ መሆኑን ታያላችሁ። ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻም ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። በፈተና ሰሞን ደግሞ ወረቀቱ ይበዛል። ሰኔ ላይ «ለውጥ አምጥተናል» ለማለት ብትፈልጊ የምታነጻጽሪው ከዚህ ሳምንት ቁጥር ጋር ነው። በጥቅምት ያልመዘነ በሰኔ የሚናገረው የለውም።

3. ቁራሌውን አክብሪ። ክበባችሁ ከመቋቋሙ፣ እናንተም ከመወለዳችሁ በፊት «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ ሲዞር የኖረ ሰው አለ። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ጀሪካን ገዝቶ ወደ መርካቶ ያወርዳል። አንድ ቅዳሜ መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ ምናለሽ ተራ ሂዱ። በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን፣ የቀለም ቆርቆሮ ታጥቦ ሌላ ዕቃ ሲወጣው፣ ሚስማር ተቃንቶ ዳግም ሲሸጥ ታያላችሁ። አባቶቻችሁ የተጫሙት በረባሶ የመኪና ጎማ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶልሬብልስም ከአሮጌ ጎማ ሶል እየሠራ ጫማውን ባሕር ማዶ ሸጧል። ዘነበወርቅ ከቆሼ ብዙ አይርቅም። ከፈረንጅ መጽሐፍ ልትማሪ የሄድሽበትን ነገር ጎረቤትሽ በእጁ ይዞታል።

ስለዚህ ከሰፈራችሁ ቁራሌው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ምን ይገዛል? ምን አይገዛም? ታጥቦ ነው ወይስ እንዳለ የሚፈልገው? ምን ያህል ሲሞላ ቢመጣ ያዋጣዋል? የአንድ ሰዓት ጨዋታ ከአንድ ወር ንባብ ይበልጥብሻል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የምትሰበስቡት ከግቢያችሁና ከየቤታችሁ ብቻ ይሁን። መንገድ ላይ የወደቀውን ሃይላንድ ለቅሞ ልጁን የሚያበላ ሰው አለ። ለፎቶ ብላችሁ እንጀራውን አትሻሙት።

4. ፕላስቲክን በስሙ እወቂው። «ፕላስቲክ» ብላችሁ አንድ ጆንያ ውስጥ የከተታችሁትን ማንም በጥሩ ዋጋ አይገዛችሁም፤ አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ አይቀልጥምና። የዕቃውን ሥር ገልብጠሽ ብታዪ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ታገኛለሽ። የውሃው ሃይላንድ 1 ነው፣ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ብዙውን ጊዜ 2። ቁጥሩ ከጠፋ ውሃ ይነግርሻል። ከሃይላንዱ አካል ቁራጭ ቁረጪ፣ ከክዳኑም ቁረጪ፣ ሁለቱንም ባልዲ ውስጥ ጣያቸው። አካሉ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። የአንዱ እፍጋት ከውሃ ይበልጣል፣ 1.38 አካባቢ ነው፤ የሌላው 0.95 ገደማ ሆኖ ከውሃ ያንሳል። ፋብሪካዎችም ፈጭተው የሚለዩበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይህን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ካዩ ክዳኑን ለምን ለብቻ እንደሚያስቀምጡ ሁለተኛ አትነግሪያቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሃይላንዱን ማለቅለቅ፣ የዞረበትን ወረቀት መላጥና ረግጦ ማሳነስ ነው። የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ ግን ብዙ ዓይነት ነገር ተደራርቦ የተጣበቀበት ስለሆነ ገዢ አታገኙለትም። የእሱ መድኃኒት አለመግዛት ነው።

5. አታቃጥሉ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የማቃጠያ ጉድጓድ ካለ የክበባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱን ማዘጋት ይሁን። ፕላስቲክ ሲነድ፣ በተለይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና ቱቦ የሚሠራበት ዓይነት፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ በጭሱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሳር ላይ አርፎም በከብቱ ወተት ይመለሳል። ጭሱ ስለተበተነ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም።

6. የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ አምፖልና የላቦራቶሪ ኬሚካል የተማሪ እጅ አይንካው። ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ መምህር ይረከበው። በዚህ ክርክር የለም።

7. ከመሰብሰብ መቀነስ ይቅደም። ይህን ሁሉም በአፉ ይናገረዋል፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው፤ መቀነስ ፎቶ የለውምና። ልጆቹ ሃይላንድ ለምን እንደሚገዙ ጠይቂ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ መልሱ ቧንቧው ውሃ ስለሌለው ወይም ስለማይታመን ነው የሚል ይሆናል። እንግዲህ ክበቡ መታገል ያለበት ከቧንቧው ጋር ነው። ሮቶው ታጥቦ ያውቃል? ክዳን አለው? የተበላሸው ቧንቧ ስንት ቢወጣበት ይጠገናል? ይህን አጣርተሽ ለወላጅ መምህር ኅብረት በአንድ ገጽ አቅርቢ። ውሃው ከተስተካከለ ልጆቹ ከቤታቸው ኮዳ ይዘው ይመጣሉ፤ ሃይላንዱ ሳትሰብስቢው ይቀንሳል። በአገራችን የለስላሳ ጠርሙስ ካልተመለሰ ባለሱቁ መያዣ ይቀበላል። ጠርሙሱ ታጥቦ ተመልሶ ይሞላል እንጂ ቀልጦ እንደገና አይሠራም። ከዚህ የሚበልጥ ሪሳይክል የለም። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድን አዲስ ከማውጣት ወደ 95 በመቶ የሚሆን ኃይል ይቆጥባል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ቆርቆሮውን ባትገዢው ግን መቶውንም ቆጥበሻል።

ፌስታልማ በሕግም የተነገረለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይወፍሩ ፌስታሎችን ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታል ጭራሹን እንዲቀር ወስኗል። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሕግ ግን እግር የለውም፤ በሰው እግር ነው የሚሄደው። ከግቢያችሁ ነፋስ የወሰደው ፌስታል ቦይ ይገባል። ከቦይ ቀበና፣ ከቀበና አቃቂ፣ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም አዋሽ። አዋሽን የአዳማ ሰው ይጠጣዋል። የክበባችሁ ልጆች ከእናቶቻቸው ዘንቢል ተውሰው ቢመጡ፣ ከግቢው ሱቅ ባለቤት ጋርም ዕቃ በፌስታል እንዳይሰጡ ብትስማሙ የአንድ ዓመት ሥራ ሠራችሁ እላለሁ።

ወረቀትም እንዲሁ ነው። ሰኔ ላይ ስንት ግማሽ ደብተር ይጣላል! ያልተጻፈበትን ገጽ ገንጥላችሁ፣ በክር ሰፍታችሁ ለሒሳብ መለማመጃ አድርጉት። ወረቀት በተፈጨ ቁጥር ክሩ እያጠረ ስለሚሄድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ነው መልሶ ወረቀት የሚሆነው። በሁለቱም ገጹ ሳትጽፊበት ለወፍጮ አትስጪው።

8. ኮምፖስቱን እንደ ሕፃን ጠብቂው። የክበብ ሥራ ሁሉ ቢቀር ይህ እንዲቀር አልፈልግም፤ ከሚዛኑ ትልቁን ክብደት የሚያነሳው እሱ ነውና። ከረጲ አጠገብ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቆ ነበር። እርጥብ ልጣጭ ግን ለመንደድ ራሱ ጉልበት ይፈጃል፤ የልጣጭ ቦታው እሳት አይደለም፣ አፈር ነው። ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ጥግ ምረጡ። ከታች ጭራሮ አንጥፉ፤ አየር ይገባዋል። ከዚያ አንድ እጅ እርጥብ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ፦ ልጣጭ፣ የአትክልት ቁራጭ፣ የቡና አተላ፣ ቀጥሎ የደረቀ ቅጠልና ገለባ። እንጀራ በትንሹ ይግባ፤ ሥጋና ቅባት ፈጽሞ አይግባ፤ ውሻና አይጥ ይጠራል።

ሥራው የሚበላሸው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁሉም ልጅ መጨመር ይወዳል፣ ማገላበጥ የሚወድ የለም። ሳይገላበጥ የቀረ ክምር አየር አጥቶ ይሸታል፤ የሸተተ ዕለት ጎረቤት ክፍል ይጮሃል፣ ክበቡም ይዘጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ በመንሽ አገላብጡት፤ ተረኛው በስሙ ይታወቅ። እፍኝ አንስተሽ ጨብጪው፦ ውሃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ቅጠል ጨምሪ፣ እጅሽ ላይ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፊ። ፌሮ መሃሉ ላይ ሰክተሽ ቆይተሽ አውጪው፤ ከጋለ ሥራው እየሄደ ነው። ደህና የተያዘ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያ ሙቀት የአረምን ዘርና ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል። ከሦስት አራት ወር በኋላ ጥቁር፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ። ለመደብ ጎመን ስጡት፤ ጎመኑን ልጆቹ ራሳቸው ይቁረጡት።

9. ለጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ አትጨምሪባት። ባለ ሦስት ቀለም ቅርጫት አቁመው፣ መለየቱን ለእሷ ጥለው የሚሄዱ ክበቦች አይቻለሁ። ጠዋት ሁላችሁ ሳትመጡ የምትገባ፣ ግቢውን ከናንተ ሁሉ አብልጣ የምታውቅ ሴት ናት። ገና ምንም ሳትጀምሪ ሄደሽ «እትዬ፣ የትኛው ቦታ ያስቸግርዎታል?» በያት። ወረቀቱ ከየትኛው ክፍል እንደሚበዛ፣ ትራፊውን ማን እንደሚደፋ ትነግርሻለች። ቅርጫቱን ባዶ የሚያደርጉት የክበቡ ልጆች ይሁኑ፤ ከሽያጩም ለእሷ ጓንትና ሳሙና ይገዛ። ጥበቃውን ጋሼንም እንዲሁ አማክሪ፤ ቁራሌውን በር ላይ የሚያስገቡትም የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው።

10. ችግኝ ስትተክሉ ላስቲኩን ይዛችሁ ተመለሱ። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ ያልወጣበት ኮረብታ የለም። ችግኙ የሚመጣበት ጥቁር ላስቲክ ግን ግማሹ ከነሥሩ ይቀበራል፣ ግማሹ እዚያው ይበተናል። ላስቲኩ ሥሩን ያንቀዋል። ቀዳችሁ አውጡት፣ ቆጥራችሁ ሰብስቡት፣ ያልተቀደደውን ችግኝ ጣቢያው መልሶ ሊሞላው ይችላል። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ሳትወስኑ አትትከሉ።

11. ገንዘቡን ሦስት ሰው ይወቀው። ሃይላንድና ወረቀት ሲሸጥ የሚገኘው ብር ትንሽ ነው፤ ሐሜቱ ግን ትልቅ ነው። አንዷ ትቀበል፣ አንዱ ይጻፍ፣ መምህሩ ይፈርሙ። በየወሩ ምን ያህል ኪሎ ተሸጠ፣ በስንት ብር፣ ለምን ዋለ የሚል አንድ ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። በመጀመሪያው ብር ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ግዙ፤ የሽንት ቤት ሳሙና ብትገዙ እመርጣለሁ። ቲሸርትና ባነር አትግዙ። ባነሩ ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም ተጽፎበታልና ለከርሞ አይሆንም።

12. አትቆጪ፣ አታሳፍሪ። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ «ቆሻሻ የምትጥሉ!» ብለሽ የጮኽሽ ዕለት ጓደኛ አጣሽ እንጂ ቆሻሻ አልቀነስሽም። በሚኒ ሚዲያ ሁለት ደቂቃ ይበቃሻል፤ ቁጥር ተናገሪ፦ «በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ኪሎ ወረቀት ከአሥረኛ ቢ ወጣ፣ እናመሰግናለን»። ሰው ሲመሰገን የሰማውን ያደርጋል። ስትለምኚ ደግሞ ጨዋ ሁኚ፤ ርዕሰ መምህሩ እንቢ ካሉሽ ምክንያታቸውን ጻፊና ያንን ፈትተሽ ተመለሽ።

13. ሥራውን በአንቺ ላይ አታንጠልጥዪው። አንቺ ከርሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነሽ፤ ከብሔራዊ ፈተናው በቀር ሌላ ነገር አይታይሽም፤ ተገቢም ነው። ጥሩ ሰብሳቢ የነበራቸው ክበቦች በሚቀጥለው መስከረም ባዶ ክፍል ሆነው ሳይ ኖሬአለሁ፤ ልጅቷ ሁሉን ነገር በጭንቅላቷ ይዛው ስለሄደች። ከኮሚቴው ግማሹን ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ምረጪ፤ የማይናገሩትን፣ ግን ተራቸው ሲደርስ የማይቀሩትን። የቁራሌውን ስልክ፣ የሚዛኑን ቁጥር፣ የኮምፖስቱን ተራ፣ የገንዘቡን ሒሳብ አንድ ደብተር ላይ አድርጊው፤ ደብተሩም ትምህርት ቤት ይኑር፣ ቤት አይግባ።

ክረምቱን ደግሞ አሁኑኑ አስቢበት። ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ክምሩን ያሰጥመዋል። ሰኔ አጋማሽ ላይ የበሰለውን አውጡና ለመደቡ አልብሱት፤ ያልበሰለውን በሸራ ሸፍኑ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት፣ ዙሪያውን ቦይ ቅደዱለት። የተሰበሰበ ወረቀትና ሃይላንድ አንድም ሳይቀር ከግቢ ይውጣ። የመንሹንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለጋሼ አስረክቢ፤ ሰፈሯ ቅርብ የሆነችውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አስተዋውቂያቸው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ መጥታ ሸራውን ገልጣ ታይ።